ኮምፒዩተርና ፍላሽ የሚረካከቡበት ሥርዓት
ነጋዴው ስለ ዩኤስቢ መሥመር ሊያውቀው የሚገባ

አቃቂ ቃሊቲ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ የዕቃ መግቢያ በር ሆኖ የኖረ ሥፍራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ የተዘረጋው በአቃቂ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውና ወደ አዳማ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድም መነሻው ከዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንቴይነር የተሸከሙት የጭነት መኪናዎች ከሞጆ ወገን እየመጡ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክና ወደ መጋዘኖቹ ይገባሉ፤ ዕቃው ይቈጠራል፣ ይፈተሻል፣ ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል።

ከዚህ ታላቅ ጭነት ጐን ለጐን ግን ማንም ልብ የማይለው ሌላ ጭነት በየቀኑ ይመላለሳል። ይኸውም በትራንዚተሩ ኪስ ውስጥ ወይም በቍልፉ መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው፣ ከአንድ ጣት የማይበልጠው ፍላሽ ነው። የኢንቮይሱ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የማጓጓዣው ሰነድና የባንኩ ፈቃድ ቅጂ በዚሁ ውስጥ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ማመልከቻ በኢንተርኔት መቅረቡ እየተለመደ ሄዷል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተዘጋጀ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። ነገር ግን ወረቀቱ በስካነር ተነሥቶ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ በፍላሽ ሲሻገር፣ ተመልሶም በማተሚያ ሲታተም የሚያልፍበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ዩኤስቢ የሚባለው መሥመር ነው።

ለምሳሌ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ይታሰብ። ኮንቴይነሩ ደርሷል፤ ትራንዚተሩም ሰነዱን በፍላሽ ይዞ ቀርቧል። ፍላሹ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ የፋይሉ ስም በደንብ ይነበባል፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ሰነዱ እንደ ገና እስኪዘጋጅ ድረስ አንድ ቀን ይባክናል፤ የመጋዘኑ ኪራይ ደግሞ ለማንም አይቆምም። አስመጪው ፍላሹን ይረግማል፤ ትራንዚተሩ ኮምፒዩተሩን ይወቅሳል፤ ፍላሹን የሸጠው ባለ ሱቅ ደግሞ ‹እኔ የሸጥሁት ደኅናውን ዕቃ ነው› ይላል። ከሦስቱ ማን እንደ ተሳሳተ ለመፍረድ የሚቻለው በዚያች አጭር መሥመር ላይ ምን እንደሚከናወን ሲታወቅ ብቻ ነው።

ነገሩን በአጭሩ ለመግለጽ፣ የዩኤስቢ ሥርዓት በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ በመንገድ ላይ ያለውን ጭነት ጥቅል በጥቅል መርምሮ በፊርማ መረካከብ ነው። ሁለተኛው፣ የተሰካው መሣሪያ ስለ ራሱ የሚሰጠውን ዲክላራሲዮን እንዳለ ማመን ነው። በመጀመሪያው ረገድ ሥርዓቱ እጅግ ጥብቅ ነው፤ በሁለተኛው ረገድ ግን ኮንቴይነሩን ሳይከፍት መልቀቂያ የሚሰጥ ፈታሽን ይመስላል። በፍላሽና በኬብል ንግድ ላይ የሚደርሰው ኪሣራ በአብዛኛው የሚገባው በዚህ በሁለተኛው በር ነው።

የመሥመሩ አመጣጥ

ከሠላሳ ዓመታት በፊት እያንዳንዱ የኮምፒዩተር መሣሪያ የየራሱ መሰኪያ ነበረው። ማተሚያው 25 መርፌ ባለው ሰፊ መሰኪያ ይገናኝ ነበር፤ ማውሱ 9 መርፌ ባለው፣ ኪቦርዱ ደግሞ በክብ መሰኪያ። አስመጪው ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ገመድ ማስመጣት፣ ባለ ሱቁም ሁሉንም በመደርደሪያው ላይ ማኖር ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህን ችግር ለማስወገድ ሰባት ኩባንያዎች፣ እነርሱም ኮምፓክ፣ ዴክ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል፣ በአንድ የጋራ መሥመር ላይ ተስማሙ። ከሥራው መሪዎች አንዱ በኢንቴል ያገለግል የነበረው የሕንድ ተወላጅ መሐንዲስ አጃይ ባት ነበር። የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1996 ወጣ። በዚያን ጊዜ መሥመሩ በአንድ ሴኮንድ ከ12 ሚሊዮን ቢት በላይ አያስተላልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ፍጥነቱን ወደ 480 ሚሊዮን ቢት አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሦስተኛው ደንብ ደግሞ ወደ 5 ቢሊዮን ቢት አደረሰው። ፍላሽ የሚባለው ዕቃ ራሱ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

አራቱ ሽቦዎች

የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ተልጦ ቢታይ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ይገኛሉ። እንደ ደንቡ ቀዩ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያመጣል፤ ጥቍሩ ይመልሰዋል። አረንጓዴውና ነጩ ግን መልእክት የሚያስተላልፉ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የሚሠሩት ተጣምረው ነው፤ የአንዱ ቮልት ከፍ ሲል የሌላው ዝቅ ይላል፤ ኮምፒዩተሩም የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በአካባቢው ያለ ሞተር ወይም የብየዳ መሣሪያ በገመዱ ላይ ረብሻ ቢያሳድር ረብሻው ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ ሳይለወጥ ይቀራል። ፋብሪካና ጋራዥ በበዛበት በአቃቂ ቃሊቲ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ከዚህ ላይ ለኬብል ነጋዴ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ዋጋቸው እጅግ ከወረደው ገመዶች መካከል የኤሌክትሪኩን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ይዘው የመልእክቱን ሁለት ሽቦዎች የቀነሱ አሉ። እንዲህ ያለው ገመድ ስልክ ይሞላል፤ ነገር ግን ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋር ሊያነጋግረው ፈጽሞ አይችልም። ገዢው ‹ስልኬን ኮምፒዩተሩ አላወቀልኝም› ብሎ ሲመለስ ጥፋቱ ከስልኩም ከኮምፒዩተሩም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ ‹መልእክት የሚያስተላልፍ› ብሎ በግልጽ ማስፈር፣ ባለ ሱቁም የመሙያውን ገመድ ከሌላው ለይቶ መሸጥ ይገባዋል።

ዲክላራሲዮኑ

መሣሪያው ሲሰካ በመጀመሪያ በውስጡ ያለች አንዲት ሬዚስተር ከሁለቱ የመልእክት ሽቦዎች የአንዱን ቮልት ከፍ ታደርጋለች። ኮምፒዩተሩ ከዚህ ላይ አንድ መሣሪያ መምጣቱን ያውቃል። ከፍ ያለው ሽቦ የትኛው እንደ ሆነ በማየትም መሣሪያው ከዝግተኞቹ ወገን ይሁን ወይም ከፈጣኖቹ ይለያል።

አዲስ የመጣ መሣሪያ ሁሉ ለጊዜው አድራሻው ዜሮ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚሁ አድራሻ ጠርቶ ‹ማን ነህ?› ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከ1 እስከ 127 ካሉት ቍጥሮችም አንዱን ለይቶ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሚጠራው በተሰጠው ቍጥር ነው። በአንድ መሥመር ላይ ሊያያዙ የሚችሉት መሣሪያዎች ከ127 የማይበልጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለ‹ማን ነህ?› የሚሰጠው መልስ 18 ባይት ብቻ የሆነ አጭር ማስታወቂያ ነው። በውስጡ የሠሪው ፋብሪካ ቍጥር፣ የዕቃው ዓይነት ቍጥርና የመሳሰለው ይገኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝር ደግሞ መሣሪያው ከየትኛው ክፍል እንደ ሆነና ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ ይናገራል። ክፍሎቹ እንደ ጉምሩክ ታሪፍ በቍጥር የተመደቡ ናቸው፤ ኪቦርድና ማውስ ክፍል 3፣ ማተሚያ ክፍል 7፣ ፍላሽን የመሰለ ማከማቻ ክፍል 8 ነው። በሁለተኛው ደንብ መሠረት መሣሪያው ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ መሳብ አይፈቀድለትም፤ ፈቃድ ሲያገኝ ግን እስከ 500 ሚሊ አምፔር ይደርሳል።

ኮምፒዩተሩ ይህን ዲክላራሲዮን ተቀብሎ ለክፍሉ የሚስማማውን ፕሮግራም ይጠራል፤ መሣሪያውም ሥራውን ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ዲክላራሲዮኑ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ፍተሻ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለም።

ሳይጠሩት አቤት የማይል አገልጋይ

‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት› የሚለው ተረት የሚነገረው ባልተጠራበት ስለሚገባ ሰው ነው። በዩኤስቢ ሥርዓት ይህ ነውር ከቶ አይገኝም። መሣሪያው ኮምፒዩተሩ ካልጠራው በስተቀር አንዳች መልእክት አይልክም። ማውሱ ቢንቀሳቀስ፣ የባርኮድ ማንበቢያው የዕቃውን ምልክት ቢያነብ፣ ውጤቱን በእጁ ይዞ ጥሪውን ይጠብቃል። ኮምፒዩተሩ ተራ በተራ እየዞረ ‹የምትሰጠው አለህን?› ሲለው ብቻ ያስረክባል። የሚያስረክበው ከሌለው ‹አሁን የለኝም› ብሎ ይመልሳል፤ ኮምፒዩተሩም ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ይጠይቀዋል።

ጊዜው የተከፋፈለው በሴኮንድ አንድ ሺኛ ነው፤ ፈጣን በሆነው በሁለተኛው ደንብ ደግሞ ይህችው አንድ ሺኛ ከስምንት ትከፈላለች። በእያንዳንዷ ክፍልፋይ ውስጥ ቦታ የሚታደለው እንደ ጭነቱ ጠባይ ነው። ይህም አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዲክላራሲዮንና ትእዛዝ የሚተላለፍበት ነው። ሁለተኛው ትንሽ ሆኖ መዘግየት ለሌለበት፣ ለኪቦርድና ለባርኮድ ማንበቢያ የተመደበ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሆኖ ጥቂት ቢዘገይም ለማይጐዳው፣ ለፍላሽና ለማተሚያ ነው፤ የተረፈውን ቦታ ሁሉ የሚይዘውም ይኸው ነው። አራተኛው ለድምፅና ለካሜራ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ስለማይጠቅም በዚህኛው ክፍል የተበላሸ ጥቅል ሁለተኛ አይላክም። በስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ሲቈራረጥ በፍላሽ የተላከ ሰነድ ግን በመንገድ ላይ ቃል የማይጐድለው ስለዚህ ነው።

በፊርማ መረካከብ

አንድ ሰነድ ወደ ፍላሽ ሲጻፍ በአንድ ጊዜ አይጫንም። በሁለተኛው ደንብ ፍጥነት ከ512 ባይት በማይበልጡ ጥቅሎች ይከፋፈላል። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚወስድ አንድ ጥቅል የሚሸከመው ወደ 170 የሚሆኑ ፊደላትን ነው። መጠኑ አንድ ሜጋ ባይት የሆነ የኢንቮይስ ፎቶግራፍ ደግሞ 2,048 ጥቅሎች ይሆናል።

እያንዳንዱ ጥቅል በሦስት እርምጃ ይሻገራል። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ‹አንተ ባለ አድራሻ፣ ተቀበል› የሚል ጥሪ ያሰማል። ቀጥሎ ጥቅሉን ይልካል፤ በጥቅሉም መጨረሻ ከይዘቱ በሒሳብ የተገኘ 16 ቢት ማረጋገጫ ይለጠፋል። ፍላሹ ይህንኑ ሒሳብ በራሱ በኩል ሠርቶ ሁለቱ ከተስማሙ ‹ተቀብያለሁ› ይላል። ካልተስማሙ ዝም ይላል። ኮምፒዩተሩ ፊርማውን ካጣ ያንኑ ጥቅል ይደግማል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ሥራውን አቁሞ ለባለቤቱ ስሕተት መኖሩን ያስታውቃል።

ጥቅሉ ደርሶ ፊርማው በመንገድ ቢጠፋስ? በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ያልደረሰ መስሎት ያንኑ ጥቅል ሁለተኛ ይልካል። ጥቅሎቹ ግን ተራ በተራ ‹ዜሮ› እና ‹አንድ› የሚል ምልክት ስላላቸው፣ ፍላሹ ያው ምልክት ሲደገም ያየ እንደ ሆነ ቀድሞ የተቀበለው መሆኑን ዐውቆ ፊርማውን ብቻ ይመልሳል፤ ጥቅሉን ሁለት ጊዜ አይመዘግብም። አንድ የመረካከቢያ ወረቀት ሁለት ጊዜ ደርሶት ዕቃውን በመዝገብ ሁለት ጊዜ ያላስገባ ጠንቃቃ የመጋዘን ኀላፊ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሰነዱ ባዶ የሚሆንበት ምክንያት

ጥንቃቄው ይህን ያህል ከሆነ የዚያ አስመጪ ፋይል ስለ ምን ባዶ ሆነ? ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው የሰው ጥድፊያ ነው። ኮምፒዩተሩ ሥራ ለማፋጠን ሲል የሚጻፈውን ነገር ለጊዜው በራሱ ማኅደር ውስጥ አቆይቶ ቀስ ብሎ ወደ ፍላሹ የሚያሻግርበት ጊዜ አለ። በመስኮቱ ላይ የፋይሉ ስም ስለ ታየ ብቻ ፍላሹ ከተነቀለ፣ ስሙ በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ ጭነቱ ከመጋዘኑ ሳይወጣ ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ኮምፒዩተሩ ለፍላሽ የሚጻፈውን ነገር እንዳያቆይ አድርጎ ስለ አስተካከለው አደጋው ቀንሷል። ቢሆንም መጻፉ ሳይፈጸም የተነቀለ ፍላሽ ዛሬም ሰነድ ያጠፋል። ‹በደኅና አውጣ› የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ መልሱን መጠበቅ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይፈጃል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከጥድፊያ የከፋ ነው፤ እርሱም ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን ነው።

የሌለውን መጋዘን ያስመዘገበ ፍላሽ

ኮምፒዩተሩ ክፍል 8 የሆነን መሣሪያ ባገኘ ጊዜ ‹ስንት ክፍል መጋዘን አለህ?› ብሎ ይጠይቀዋል። ክፍል የሚባለው ብዙውን ጊዜ 512 ባይት ነው። ፍላሹ በቍጥር ይመልሳል፤ ኮምፒዩተሩም ቍጥሩን ሳይጠራጠር ለባለቤቱ ያሳያል። ይህን ቍጥር የሚናገረው በፍላሹ ውስጥ ያለው አነስተኛ ተቈጣጣሪ ነው፤ ተቈጣጣሪው ደግሞ የሚናገረው ሠሪው የጻፈለትን ነው። በውስጡ 16 ጊጋ ባይት ብቻ ያለው ፍላሽ ‹512 ጊጋ ባይት ነኝ› እንዲል ተደርጎ ቢሠራ ኮምፒዩተሩ 512 ብሎ ያሳያል።

እንዲህ ያለው ፍላሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ እንከን ይሠራል። እውነተኛው መጋዘን ሲሞላ ግን ተከትሎ የመጣው ጭነት ወይ በቀደመው ላይ ይጻፋል፣ ወይ ጨርሶ ይጣላል። እያንዳንዱ ጥቅል በመንገድ ላይ ተመርምሮ ‹ተቀብያለሁ› የሚል ፊርማ አግኝቷል፤ የፋይሎቹም ስም በመዝገቡ ላይ ይታያል። በአንድ የመጋዘን በር ላይ ተቀምጦ የመጣውን ዕቃ ሁሉ እየፈረመ የሚቀበል፣ ከኋላው ግን ግድግዳ የሌለው መጋዘን ቢኖር ነገሩ ከዚህ አይለይም። ባለ ንብረቱ ጥፋቱን የሚያውቀው ሰነዱን በፈለገ ጊዜ ነው።

ይህ ዕቃ በጅምላ ተገዝቶ በሳሪስና በቃሊቲ ሱቆች መደርደሪያ ላይ በችርቻሮ ሲሸጥ ጕዳቱ ለገዢው ብቻ አይደለም። ባለ ሱቁ ከፍላሹ ያገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ ሰነዱ የጠፋበት ደንበኛ ግን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። አስመጪውም በገበያው ዋጋ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች የቀረበለትን ‹ትልቅ› ፍላሽ በደስታ ከመግዛቱ በፊት ዋጋው ስለ ምን እንደ ወረደ ሊጠይቅ ይገባል።

መመርመሪያው መንገድ ግን ቀላል ነው። ፍላሹን እስኪሞላ ድረስ መጻፍ፣ ከዚያም የተጻፈውን ሁሉ መልሶ አንብቦ ማመሳከር ነው። ይህን ሥራ በነጻ የሚሠሩ ‹ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ› እና ‹ኤፍ ስሪ› የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል፤ በሴኮንድ 10 ሜጋ ባይት የሚጽፍ ባለ 64 ጊጋ ባይት ፍላሽ ለመሞላት ብቻ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉን መፈተሽ የማይቻለው አስመጪ ከእያንዳንዱ ካርቶን ጥቂቱን አውጥቶ ማታ ቢሮው ሲዘጋ ለኮምፒዩተር ቢሰጠው ጠዋት ውጤቱን ያገኛል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መለየት አለበት። ‹64 ጊጋ ባይት› የተባለ ፍላሽ በኮምፒዩተር ላይ 59.6 ሆኖ ቢታይ ማታለል አይደለም። ፋብሪካው አንድን ጊጋ ባይት አንድ ቢሊዮን ባይት አድርጎ ይቈጥራል፤ ዊንዶውስ ግን 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ስለሚቈጥር ልዩነቱ የመስፈሪያ ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ባለ ሱቅ በሐቀኛ ዕቃ ላይ ሳይቀር ከደንበኛው ጋር ይጣላል።

ኪቦርድ ነኝ ያለ ፍላሽ

የዲክላራሲዮኑ መታመን ሌላም አደጋ አለው። ኪቦርድ ለኮምፒዩተሩ የሚልከው ፊደል አይደለም፤ የተመታውን ቍልፍ ቍጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው ‹ኤች› ቍልፍ ቍጥር 11 ነው። ይህን ቍጥር በአማርኛ መጻፊያ ‹ህ› የሚያደርገው፣ ተከታዩንም ቍልፍ ጨምሮ ‹ሀ› የሚያሰኘው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ የሚለየው በቍልፎቹ ላይ ባለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በውስጡ የተለየ መሣሪያ አለበት ተብሎ የሚጠየቅ ጭማሪ ዋጋ ቢኖር መሠረት የለውም። ብዙ የባርኮድ ማንበቢያዎችም ራሳቸውን ‹ኪቦርድ ነኝ› ብለው ያስመዘግባሉ፤ የዕቃውንም ቍጥር ሰው የተየበው ያህል ያስገባሉ። ይህ ቅን ሥራ ነው።

ክፉ ሰው ግን በዚሁ መንገድ ሊጠቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በላስ ቬጋስ በተደረገው ብላክ ሃት በተባለው ጉባኤ ላይ ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድን ተራ ፍላሽ ተቈጣጣሪ ለውጠው ‹ኪቦርድ ነኝ› እንዲል ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲሰካ ትእዛዞችን እንደ ጸሓፊ በራሱ ይተይባል፤ ኮምፒዩተሩም ባለቤቱ የጻፈው መስሎት ይፈጽማል። የቫይረስ መከላከያ ፕሮግራም የሚመረምረው በፍላሹ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ስለ ሆነ የተለወጠውን ተቈጣጣሪ አያገኘውም።

ከዚህ ይልቅ በየዕለቱ የሚያጋጥመው ግን ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በፋይል ላይ ተጭኖ የሚጓዘው ተራ ቫይረስ ነው። ለሁለቱም የሚበጀው መድኀኒት አንድ ነው፤ የሒሳብና የጉምሩክ ሰነድ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ማንነቱ ያልታወቀ ፍላሽ እንዳይሰካበት መከልከል፣ ለእንግዳ ፍላሽ ሌላ ኮምፒዩተር መመደብ ነው።

መልክና ፍጥነት

በመጨረሻም ስለ መልክ መናገር ያስፈልጋል። የሦስተኛው ደንብ መሰኪያ አፉ ሰማያዊ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ግን ማንም ሊቀባው ይችላል። በተለመደው ሰፊ መሰኪያ ላይ አስተማማኙ ምልክት በውስጡ ያለው የናስ መንኪያ ብዛት ነው፤ የሁለተኛው ደንብ አራት ሲሆን የሦስተኛው ግን አምስት ተጨምሮበት ዘጠኝ ነው። ይህም ቢሆን የመሥመሩን ስፋት እንጂ የፍላሹን ፍጥነት አያረጋግጥም፤ ርካሽ ፍላሽ በሰፊ መንገድ ላይ የሚሄድ በሬ ሊሆን ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ በሁለቱም ወገን የሚሰካው ታይፕ ሲ ደግሞ 24 መንኪያዎች እንዲኖሩት ታስቦ የተሠራ ነው። የኤውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአባል አገሮቹ ለሚሸጡ ስልኮችና መሰል መሣሪያዎች ግዴታ ስላደረገው በዓለም ገበያ ላይ ብዛቱ እየጨመረ ሄዷል። ነገር ግን ታይፕ ሲ የመሰኪያ ቅርጽ ስም ነው፤ የፍጥነት ስም አይደለም። ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ የታይፕ ሲ ገመዶች አንደኛው በሴኮንድ 480 ሚሊዮን ቢት፣ ሌላው ብዙ ቢሊዮን ቢት ሊያስተላልፉ ይችላሉ። አስመጪው በትእዛዙ ላይ ቅርጹን፣ ፍጥነቱንና የሚሸከመውን ኤሌክትሪክ ሦስቱንም ለየብቻ ካልጻፈ ላኪው የፈለገውን ቢልክ የሚከራከርበት ሰነድ የለውም።

ለነጋዴው የሚተርፍ ምክር

እንግዲህ ያ አስመጪ፣ ትራንዚተሩና ባለ ሱቁ ክርክራቸውን ለመጨረስ ቢፈልጉ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ፍላሹ በምን ሁኔታ እንደ ተነቀለ ነው። በደኅና ወጥቶ ከሆነ ቀጥሎ ፍላሹን ሞልቶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን መመርመር ነው። በመንገድ ላይ ተበላሸ የሚለው ምክንያት ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው፤ መንገዱ በፊርማ የሚጠበቅ ነውና።

አስመጪው የመጣለትን ፍላሽ ሁሉ ገንዘቡ ሳይከፈል ወይም ለጅምላ ገዢ ሳያከፋፍል ናሙና ወስዶ ይፈትሽ። ባለ ሱቁ የፈተሸውን ዕቃ ‹ተፈትሿል› ብሎ ደረሰኝ ይስጥበት፤ ይህ ቃል ከዋጋ ቅናሽ ይበልጥ ደንበኛ ያመጣል። ትራንዚተሩ ሰነዱን ከጻፈ በኋላ ፍላሹን በደኅና አውጥቶ፣ መልሶ ሰክቶ፣ ፋይሉን ከፍቶ ይመልከት፤ አንድም ተጨማሪ ቅጂ በሌላ ሥፍራ ያስቀምጥ። የማይተካ ሰነድ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ መኖር የለበትም።

በቃሊቲ የጉምሩክ ግቢ የዕቃ ፈታሽ ዲክላራሲዮኑን ካነበበ በኋላ ካርቶን ከፍቶ የሚመለከተው ነጋዴውን ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ ስላሰበ አይደለም፤ ወረቀት ስለ ዕቃ የሚናገረውን ዕቃው ራሱ ማረጋገጥ ስላለበት ነው። ኮምፒዩተር ይህን ፍተሻ ስለማያደርግ ሥራው ለገዢውና ለሻጩ ቀርቷል። አንድ ሌሊት የሚፈጀው ፍተሻ ከአንድ ቀን የመጋዘን ኪራይና ከአንድ የጠፋ ደንበኛ ይረክሳል።